«ገደብ» ሁሉ አንድ አይደለም!

ከመካከላችን አንዳንዶች «ገደብ ያው ገደብ ነው፤ ጀርመኑ በአምስት ቃል ቢለው እንግሊዙ ሪስትሪክሽን ብሎ ይጠቀልለዋል፤ እኛም ገደብ እንበለውና እንለፍ» ይላሉ። ይህን አስተያየት አጥብቀን እንቃወማለን። የቃላት ጨዋታ ስለወደድን አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ሰው ከቤቱ ስለ መውጣቱ፣ ሐሳቡን ስለ መግለጹ፣ ለእናቱ ስልክ ስለ መደወሉ ነው።

እስቲ ከጀርመንኛው እንነሣ። ግሬንትሰ ወሰን ነው፤ የአገርም የመሬትም። ሽራንከ ኬላ ላይ የሚጋደመው፣ ከፍ ዝቅ የሚለው አግዳሚ ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው በሽሬንኩንግ ማጥበብ ነው፤ መንገዱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። ሽፔረ ግን ዝግ ነው። ፈርቦት ደግሞ «ይህን አታድርግ» የሚል ክልከላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 5 የመናገር ነጻነትን ሽራንከ ያነሣል። በአንቀጽ 19 ደግሞ መብትን የሚያጠብ ሕግ የሚያጠበውን አንቀጽ ለይቶ መጥቀስ እንዳለበት፣ የመብቱንም እምብርት ከቶ መንካት እንደማይችል ይደነግጋል። እንግሊዝኛው ትርጉም የመጀመሪያውን ሊሚት፣ ሁለተኛውን ሪስትሪክት ብሎ ለያይቷቸዋል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው!

ችኮላ ሲመጣ ግን ሁሉ ይደባለቃል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የባቫሪያ መንግሥት ያወጀው አውስጋንግስበሽሬንኩንግ፣ ማለት የመውጣት ማጥበብ ነበር፤ ሰው ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለሐኪም፣ ለእግር ጉዞም ይወጣል። አውስጋንግስሽፔረ ቢባል ኖሮ የመውጣት መዘጋት በሆነ ነበር። ጀርመኖቹ በሁለቱ ቃላት ሲከራከሩ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ሎክዳውን ብለው ገላገሏቸው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ በሁለት ወንፊት አልፏል።

«የጀርመን ቃል ለወለጋ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ካርል ቱቼክ የኦሮሞኛ፣ የእንግሊዝኛና የጀርመንኛ መዝገበ ቃላቱን ያዘጋጀው ሙኒክ ከነበሩ የኦሮሞ ወጣቶች ተምሮ ነው፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1844 ታትሟል። ሦስቱ ቋንቋዎች ከተዋወቁ ሰነበቱ! ደግሞስ ነቀምት ገበያ ቆሞ ዳንጋን ከዾርካ፣ ወሰንን ከክልክል የሚያምታታ ማን አለ? ገበሬው የለየውን ተማሪው ያደበላልቀው?

የኦኔሲሞስ ነሲብን ነገር እናስታውስ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞኛ የመለሰው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1906 ተከሶ አቡነ ማቴዎስ እንዲጋዝ አዘዙ። አፄ ምኒልክ ግን ሽረው፣ ነቀምት ይመለስ፣ ነገር ግን አይስበክ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1916 ልጅ ኢያሱ ስብከቱን ፈቀዱለት። ግዞቱንም ክልከላውንም «ገደብ ተጣለበት» ብለን ብንጽፍ ታሪኩ ምን ይቀረዋል? በአንደኛው አገሩን ያጣል፤ በሌላው በአገሩ ተቀምጦ አፉ ይያዛል።

ቅርባችን ያለውንም እንይ። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያው መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ሰው እጁን እንዲታጠብ፣ እንዳይሰበሰብ በሚነገርበት ሰዓት የደምቢ ዶሎ ሰው ስልኩ ዝም ብሏል። ይህን «የአገልግሎት ገደብ» የሚል ተርጓሚ ምን አደረገ? ገደብ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ውስጥ ያለ፣ ሕግና ምክንያት የሚጠየቅበት ጨዋ ቃል ነው። ያንን የክት ልብስ ለዝጋታ አልብሶ አደባባይ አወጣው ማለት ነው!

ሌላም አለ። ጀርመኑ ፈርሄንገን ሲል ከላይ ያንጠለጥልብሃል፤ እንግሊዙ ኢምፖዝ ሲል ይጭንብሃል፤ አማርኛችን ይጥልብሃል። ሦስቱም ታዲያ አድራጊውን መደበቅ ይወዳሉ። «እገዳ ተጥሏል።» ማን ጣለው? እንደ በረዶ ከሰማይ ወረደ እንዴ? የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በሆዱ ይይዛል፤ ጣለ፣ ጣለች፣ ጣሉ። ይህን ጸጋ ለምን እናባክናለን?

ስለዚህ ከእንግዲህ ስንተረጉም ሦስት ነገር እንጠይቅ እንላለን፦ ማን አዘዘ? ለሰውየው ምን ተረፈለት? እስከ መቼ? የጠበበውን ገደብ፣ የተከለከለውን ክልከላ እንበል። የተዘጋውንም ሳንፈራ ተዘጋ ብለን እንጻፍ። እንግሊዝኛው ከጨለመብን የጀርመንኛውን ቃል አጠገቡ እናስቀምጥ፤ አንባቢው ይፍረድ። መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ቃል መቅዳትማ ማንም ይችላል። ተማሪ የተባልነው ለመለየት ነው!