ዲኤንኤ የሚያጥፉ ተማሪዎች

የመጀመሪያ ዲግሪውን ገና ያልጨረሰ ተማሪ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ፣ ከእሱ በፊት ማንም ያልሠራውን ቅርጽ ከዲኤንኤ ሠርቶ በማይክሮስኮፕ ሊያየው ይችላል። ሾን ዳግላስ የተባለው ተመራማሪ በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዊስ ኢንስቲትዩት ባዮሞድ የሚባል ውድድር የጀመረው ለእንደነዚህ ዓይነት ተማሪዎች ነው። ችግሩን የሚመርጡት፣ ንድፉን የሚያወጡትና ላብራቶሪ ገብተው የሚሠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻም በዳኞች ፊት ቆመው ሥራቸውን ያስረዳሉ። ከባዮሞድ ቀደም ብሎ የተጀመረው የሲንቴቲክ ባዮሎጂ ውድድር አይጄም በ2004 በኤምአይቲ በ5 ቡድኖች ተጀምሮ፣ ዛሬ በየዓመቱ ከ300 በላይ ቡድኖች ከመላው ዓለም ይሳተፉበታል። ከተሳታፊዎቹ መካከል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም አሉ።

አሠራሩን ላስረዳ። መነሻው ኤም13 የሚባል፣ ባክቴሪያን እንጂ ሰውን የማያጠቃ ቫይረስ ነው። ከእሱ የሚወሰደው ነጠላ የዲኤንኤ ክር 7,249 ፊደላት አሉት። ፊደላቱ አራት ዓይነት ብቻ ሲሆኑ ኤ ከቲ ጋር፣ ጂ ከሲ ጋር ይጣመራሉ። ተማሪው ይህን ረጅም ክር በፈለገው ቅርጽ ለማጠፍ፣ እያንዳንዳቸው 30 ወይም 40 ፊደል ገደማ የሚሆኑ ሁለት መቶ ያህል አጫጭር ክሮች ይነድፋል። ስቴፕል ይሏቸዋል። የአንዱ ስቴፕል ግማሽ ከረጅሙ ክር አንድ ቦታ ጋር፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ራቅ ካለ ቦታ ጋር እንዲጣመር ተደርጎ ይጻፋል፤ ሲጣመርም ሁለቱን ቦታዎች ስቦ ያገናኛቸዋል። ሁለት መቶዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ረጅሙ ክር ቅርጹን ይይዛል። እናቶቻችን ሙዳይ ሲሰፉ ወስፌውን የምትመራ እጅ አለች፤ እዚህ ግን እጅ የለም። ክሮቹ ማግኒዥየም ካለበት ውሃ ጋር በአንዲት ትንሽ ቱቦ ይደባለቃሉ፣ እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ እንዲቀዘቅዙ ይተዋሉ። እያንዳንዱ ስቴፕል ቦታውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። በአንዲት ጠብታ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ቅርጾች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

ተማሪው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። የዲኤንኤ ድርብ ክር በየ10 ተኩል ፊደሉ አንድ ዙር ይጠመዘዛል። በፈተና ወረቀት ላይ ይህ ቁጥር አንድ ነጥብ ያስገኝ ይሆናል። ንድፍ አውጪ ላይ ግን ፍርድ ይሰጣል። ክሮቹ ከአንዱ ድርብ ክር ወደ ጎረቤቱ የሚሻገሩባቸውን ቦታዎች ከዚህ ቁጥር ትንሽ ዝንፍ አድርጎ ያስቀመጠ ተማሪ፣ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አወጣለሁ ብሎ የተጠማዘዘ ነገር ያገኛል። ከዚያ ወዲያ ያን ቁጥር አይረሳውም።

ውጤቱ የሚታይበት መንገድም እንዲሁ ነው። ወደ ማይክሮስኮፕ ከመሄዱ በፊት ጄል የሚባል ዝልግልግ ሰሌዳ አለ። የታጠፈው ዲኤንኤ ጄሉ ላይ ተጨምሮ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። በደንብ የታጠፈ ከሆነ በአንድ ቦታ ላይ ጥርት ያለ መስመር ይወጣል፤ የተረፉት ስቴፕሎች ቀለል ስለሚሉ ከታች ርቀው ይታያሉ። መታጠፉ ካልተሳካ መስመሩ የተቀባ ጭስ መስሎ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ተማሪው ወደ ንድፉ ይመለሳል፤ የማግኒዥየሙን መጠን ይቀይራል፣ የማቀዝቀዣውን ሰዓት ያረዝማል፣ እንደገና ይሞክራል። ሳይንስ ማለት ለእኔ ይህ መመላለስ ነው፤ ብዙዎቻችን ዲግሪ ይዘን የወጣነው አንድም ቀን ሳንቀምሰው ነው።

የዘርፉ ታሪክም ለትዕግሥት የተሠራ ይመስላል። ኔድ ሲማን የክሪስታል ጥናት ባለሙያ ነበር። በ1980 በአልባኒ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ካለ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ ኤሸር የተባለው ሠዓሊ በረድፍ የሚዋኙ ዓሦችን የሣለበት ሥዕል ትዝ አለው። የዲኤንኤ መገጣጠሚያዎችም እንደ ዓሦቹ በሦስት አቅጣጫ ሊደረደሩ ይችላሉ ብሎ አሰበ። ከዚያች ሐሳብ ተነስቶ ከዲኤንኤ የተሠራ ኩብ እስኪያሳይ ድረስ 1991 ደረሰ። በ2006 ደግሞ የካልቴኩ ፖል ሮትመንድ ብቻውን በፈረመበት ጽሑፍ የስቴፕሉን ዘዴ በኔቸር መጽሔት አሳተመ። የሠራቸው ቅርጾች ኮከብ፣ ሦስት ማዕዘንና የሚስቅ ፊት ነበሩ፤ ፊቱ ወደ 100 ናኖ ሜትር ስፋት አለው። የአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ለመድረስ ብዙ መቶዎችን መደርደር ያስፈልጋል።

የሚስቅ ፊት ለማን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱ ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ነው። በ2009 በዴንማርክ የኦርሁስ ተመራማሪዎች ክዳን ያለው፣ በዲኤንኤ ቁልፍ የሚከፈት ሳጥን ሠሩ። በ2012 ዳግላስ ከኢዶ ባቸሌትና ከጆርጅ ቸርች ጋር ሆኖ፣ የታለመለትን የካንሰር ሕዋስ ሲያገኝ ብቻ ተከፍቶ የያዘውን የሚያቀርብ በርሜል አሳየ። በ2021 የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው የሄንድሪክ ዲትዝ ቡድን ከሦስት ማዕዘን የዲኤንኤ ሰሌዳዎች ጎድጓዳ ቅርፊት ገጣጥሞ፣ የሄፓታይተስ ቢን ቅንጣት በላብራቶሪ ውስጥ ከቦ መያዝ እንደሚቻል አስመሰከረ። የጉበት ቫይረስ በየቤቱ ለሚያስጨንቀው አገር ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። መድኃኒት ሆኖ እስኪመጣ ብዙ መሰናክል አለ፤ በሰውነታችን ያሉ ኢንዛይሞች ዲኤንኤን ይበላሉ፣ የማምረቻው ወጪም ገና ከባድ ነው። እነዚህን መሰናክሎች የሚፈታ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ዛሬ ተማሪ ነው።

ዲኤንኤ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የዘረመል ምህንድስናን ያስባል፤ ይፈራልም። እዚህ ግን ዲኤንኤው ለማንም ፍጡር ትእዛዝ አያስተላልፍም፣ የእህልንም የእንስሳንም ዘረመል አይቀይርም። የሚያገለግለው እንደ ግንባታ ቁሳቁስ ነው። ይህን ልዩነት ተማሪዎቻችን ራሳቸው ሠርተው ቢያስረዱን ሕዝቡም በእውቀት ላይ የቆመ ክርክር ይኖረው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ንጹሕ ውሃና መብራት በማይዘልቅበት ላብራቶሪ ዲኤንኤ ማጠፍ ቅንጦት ነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ ችግራቸውን አልክድም። ነገር ግን ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ እንይ። የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው የፒሲአር ማሽን ነው፤ በኮቪድ ጊዜ ምርመራው በየክልሉ ላብራቶሪዎች ስለተስፋፋ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጄል የማስኬጃው መሣሪያም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አለ። በእርግጥ የሚከብደው ስቴፕሎቹን ከውጭ ማዘዝ ነው፤ የአንድ ንድፍ ስቴፕሎች ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቃሉ፣ ዶላሩም በቀላሉ አይገኝም። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም ብርቅ ነው፤ ለዚያ ምስሉን አንስቶ የሚልክ ተባባሪ ላብራቶሪ መፈለግ ይቻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ በዚህ ዓይነት ላብራቶሪ የምትሠሩ ወገኖቻችን ካላችሁ፣ አንድ ሳጥን ስቴፕልና የማይክሮስኮፕ ጥቂት ሰዓት ለአንድ ቡድን ትልቅ ስጦታ ነው።

ንድፉ ግን ዶላር አይጠብቅም። ዳግላስና ባልደረቦቹ በ2009 ያወጡት ካድናኖ የሚባል ሶፍትዌር አለ። በአንድ በኩል የቅርጹ መስቀለኛ መቆራረጫ እንደ ንብ ቀፎ ተደርድሮ ይታያል፤ በሌላው በኩል ረጅሙ ክር የሚሄድበት መንገድ ይሣላል፤ ስቴፕሎቹን ሶፍትዌሩ ራሱ ያወጣቸዋል፣ ተማሪው ያርማቸዋል። ይህን በአንድ ተራ ላፕቶፕ መሥራት ይቻላል።

ስለዚህ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ሆይ፤ በሚመጣው ክረምት አራት አምስት ተማሪ ከየክፍላችሁ አሰባስቡ። አንድ ችግር ራሳቸው እንዲመርጡ ፍቀዱላቸው፤ ንድፉንም ያውጡ። ገንዘቡን ለመለመን ስትወጡ ባዶ እጃችሁን ከመሄድ የተሠራ ንድፍ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል።