ሸክላው ተርፏል፤ ባለታሪኩስ?

የአባቶቻችን ሸክላ ሰሞኑን ዋጋ አውጥቷል። ከቡፌ ሥር ወይም ከቆጥ ላይ አቧራ ለብሶ የወጣ ሸክላ ፎቶ ይነሣና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ የሚጻፈው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ስንት ያወጣል?» መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ኑሮ ለማንም አልቀለለም። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ላነሣ ነው። ይህን ሸክላ ማን ገዛው? ከእነማን ጋር ሆኖ ሰማው? ዛሬ ሲሰማውስ ምን ትዝ ይለዋል? ለዚህ መልስ ያላቸው ሰዎች በየወሩ እየተለዩን ነው፤ እኛም ዋጋ ስንጠያየቅ ጊዜው እያለፈብን ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ላስታውስ (ዓመቶቹ ለየት ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ መቀረጽ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 ገደማ እዚያው ድምፃቸውን አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ቆየ። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ይህን ክልከላ ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቹ መካከል የዓለማየሁ እሸቴ ሥራ ይገኝበታል። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ወደ ሕንድ ተልኮ ነበር ታትሞ የመጣው። ሌሎችም ተከተሉት፤ ፊሊፕስ ነበረ፣ የዓሊ አብደላ ካይፋ አሳታሚ ድርጅትም ነበረ። በዚያ አሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና ወደ 30 የሚጠጉ አልበሞች እንደወጡ ይገመታል።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ። የሰዓት እላፊው ደግሞ የማታውን ከተማ ዘጋው። ካሴት ሲመጣ ሸክላ ሥራ ፈታ፤ ወደ ሣጥን ገባ።

ከሣጥን ያወጡልን ሌሎች ናቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እነዚህን ሥራዎች በተከታታይ በሲዲ አሳተመ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ይዞ ሲወጣ፣ ስማችንን በረሃብ ብቻ ያውቅ የነበረ ብዙ ሰው ጆሮውን ወደዚህ አዞረ። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባል። «ሀብታችንን ወሰዱብን» የሚለው ክርክር ከባለመብቶቹ አንፃር ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍም ይወጣዋል። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፦ እኛ ቆጥ ላይ ስንጥለው እነሱ ባያነሡት ኖሮ አብዛኛው ድምፅ ዛሬ አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ድምፁ ተርፏል። ያልተረፈው ሌላው ግማሽ ነው።

ፓሪስ ወይም ቶኪዮ ያለ አድማጭ ሳክስፎኑን ይሰማል፣ ከበሮውን ይሰማል፣ የድምፃዊውን ቅላፄ ይሰማል። ቃሉን ግን አይሰማም። ቃሉን የሚሰማ የዛሬ ወጣት ኢትዮጵያዊ ደግሞ ወርቁን አያገኘውም። ጥላሁን ገሠሠ የተጫወተው «አልቻልኩም» የፍቅር ዘፈን ነው። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የሰማው ሰው ግን ሌላ ነገር ሰምቶበታል። ያ ሌላው ነገር ሸክላው ላይ የለም፤ ያለው አድማጩ ውስጥ ነው። አድማጩ ሲሞት ሰሙ ይቀራል፣ ወርቁ አብሮት ይቀበራል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ባለፈው ዓመት ስለ ቤት ኪራይ ለምሠራው ዘገባ ጉለሌ አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ አባት ቤት ሄጄ ነበር። ጨዋታችን ካለቀ በኋላ ጥግ ላይ ያለ የሸክላ ማጫወቻ አየሁና «ጋሼ፣ ይሠራል?» አልኳቸው። ከብስኩት ካርቶን ውስጥ አንድ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጡ፤ መርፌውን በእፍታ ጠርገው አስቀመጡት። ዘፈኑ ግማሽ እስኪደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ሽፋኑን ወደኔ አዞሩት። ሁለት ስሞች በእስክሪብቶ ተጽፈውበታል። አንዱ የራሳቸው ነው።

«በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ነው» አሉኝ። «ያኔ ሸክላ ስታውስ እንዳይጠፋብህ ስምህን ትጽፍበታለህ። ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት ተውሶኝ ሲመልስ ለቀልድ የሱንም ስም ከሥሬ ጽፎበት መጣ። ተጣላሁት።» ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ። «በቀይ ሽብር ጊዜ ወሰዱት። እናቱ ፈርታ መጽሐፉንም ፎቶውንም አቃጠለችው። እኔ ዘንድ ያለው የእጁ ጽሑፍ ይሄ ብቻ ነው።»

ልጆቻቸው ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም ልጄ፣ ዘፈኑ ካልተከፈተ ነገሩ አይመጣልኝም» አሉ።

ይህ ንግግራቸው ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ። ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው የለመደውን ነው፤ «ጊዜው ጥሩ ነበር»፣ «ጊዜው ክፉ ነበር» ብሎ ያልፋል። ዘፈን ሲከፈትለት ግን የሚመጣለት ዝርዝር ነው፦ የለበሰው ኮት፣ የተቀመጠበት ወንበር፣ አጠገቡ የነበረው ሰው፣ የዚያን ቀን የተነገረው ዜና። ሸክላ ቁልፍ ነው፤ ቤቱ ሰውየው ነው። እኛ ግን ቁልፉን እየሸጥን ነው። ገዢው ያንን ሸክላ ሲያገኝ ደግሞ በእስክሪብቶ የተጻፉት ስሞች ዋጋ ይቀንሱበታል፤ ሰብሳቢ የሚፈልገው ንጹሕ ሽፋን ነውና። ለገበያው ጉድለት የሆነው ለእኛ ዋናው ሰነድ ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርገው ደግሞ ከተማዋ ራሷ መለወጧ ነው። ሰው የሚያስታውሰው በቦታ ነው፤ «እዚህ ጋ ሙዚቃ ቤት ነበር፣ እዚያ ማዶ ስንሰማ እናመሽ ነበር» እያለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና ሌላው የፒያሳ ክፍል ፈርሷል። ስለ ልማቱ ያለን አቋም ሊለያይ ይችላል። ስለ አንድ ነገር ግን መከራከር አያስፈልገንም፦ ቦታው ሲሄድ አስታዋሹ የሚደገፍበት ግድግዳ አብሮ ሄዷል። ቦታውን መመለስ አንችልም። ዘፈኑን ግን ዛሬ ማታ መክፈት እንችላለን።

ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ሸክላ?» የሚለው ነው። እንደውም ለዚህ ነው። በየዕለቱ የምንከራከርበት ፖለቲካ ግማሹ ስለ ትናንት ነው። አንዱ የጃንሆይን ዘመን ገነት ያደርገዋል፣ ሌላው ሲኦል፤ ስለ ደርግም እንዲሁ። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንከራከረው ስላልኖርንበት ዘመን ነው። የኖሩበት ሰዎች ሳሎናችን ውስጥ ቁጭ ብለው እየሰሙን ዝም ይላሉ።

ሁለተኛው «ሽማግሌ ትዝታውን ያሳምራል፣ ዓመት ያምታታል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ያምታታል። ሸክላው የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የአሳታሚው ስምና የሸክላው ቁጥር አለው፤ ስለዚህ ትዝታው ከአንድ ሰነድ ጋር ይተያያል። በአፍ ብቻ ከሚነገር ታሪክ ይህ የተሻለ መነሻ ነው።

ሦስተኛው በእኔም ዘንድ ክብደት ያለው ነው፦ «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ስም ራሱ ያታልላል። እነዚያ ማራኪ ዘፈኖች አዲስ አበባ ውስጥ ሲደነስባቸው በዚያው ዘመን ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። ሸክላ የገዛ ሰው ማጫወቻ የነበረው፣ መብራት የነበረው፣ ከተሜ ሰው ነው። ስለዚህ ሸክላ የሚያወጣልን ትዝታ የአገር ሁሉ ትዝታ አይደለም። መልሱ ግን ዝም ማለት ሊሆን አይችልም፤ ጥያቄውን ማስፋት ነው። «ይህን ስትሰሙ ስለ ወሎ ምን ይወራ ነበር? ማን ነገራችሁ? ምን አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ትዝታ የሚያታልለው ሳይጠየቅ ሲተው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ወመዘክር፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በጋራ ቢይዙት ደስ ባለኝ። ተማሪዎችን ማጫወቻና መቅጃ አስይዞ ወደ ቤቶች መላክ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይመስለኝም። ይህ እስኪሆን ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። የሚያስፈልገው መሣሪያ ኪሳችን ውስጥ አለ።

አንድ እሑድ ከሰዓት መድቡ። ቤት ውስጥ ሸክላ ካለ ሁለቱንም ገጽ፣ ሽፋኑንና የተጻፈበትን ነገር ሁሉ ፎቶ አንሡ። ሸክላዎቹን አትደራርቧቸው፤ እንደ መጽሐፍ አቁሟቸው፣ ከፀሐይ አርቋቸው። ማጫወቻው ካልሠራ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት፤ ዋናው ዘፈኑ ነው። ፈቃድ ጠይቃችሁ ስልካችሁን ለመቅዳት ክፈቱ። ዘፈኑ ሳያልቅ አትጠይቁ። ሲያልቅ ከትንሹ ጀምሩ፦ ማን ገዛው? የት ነበር የምትሰሙት? አብሯችሁ ማን ነበር? እሱስ ዛሬ የት ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ዝምታ ታመጣለች። አትቸኩሉ፤ ዝምታውን ጠብቁት። መናገር ካልፈለጉም አታስገድዱ፤ አንዳንድ ቁስል የባለቤቱ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሥራው እናንተም ዘንድ አለ። በአብዮቱ ዘመን የወጡ እናትና አባቶች ዋሽንግተንና አካባቢው ሞልተዋል። ወላጆቻችሁ በስልክ ስለ ጤና ብቻ ሳይሆን ስለ አንድ ዘፈንም ቢጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

የጊዜውን ጥበት በቁጥር ላስቀምጠው። በ1969፣ የመጀመሪያው የአምሃ ሸክላ ሲወጣ 20 ዓመቱ የነበረ ወጣት ዛሬ ከ75 አልፏል። ጥላሁን በ2009፣ ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ በ2016፣ አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም በ2021 ተለይተውናል። የእነሱ ድምፅ ተቀርጾልናል፤ ስማቸውም አይጠፋም። ያልተቀረጸው የአድማጮቻቸው ድምፅ ነው። እሱን የሚቀርጽ አሳታሚ አይመጣም። የሚቀርጸው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው፤ ያውም ባለታሪኩ ዛሬ በሕይወት ካለ።