ዱላውም ዝምታውም በሕግ ይመዘን

 

በየጁቤ፣ በቢቸናና በሞጣ የምንኖር ሙስሊሞች ከጎረቤቶቻችን ጋር ገበያውንም ሐዘኑንም የምንጋራ ብንሆንም በቁጥር ጥቂቶች ነን። ጥቂት የሆነ ሕዝብ ደግሞ ፖሊስን የሚመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ ሲጠራ በመድረሱና ደርሶ በሚያደርገው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ል. በሞጣ የሆነውን እናስታውስ። በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ መባሉን ተከትሎ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ። ተጠርጣሪዎች የተያዙት ግን ንብረቱ ዐመድ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያ ዕለት የታጣው ጥበቃ ነበር።

ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ል. ደግሞ በሸገር ከተማ የመስጊዶችን መፍረስ የተቃወሙ ሰጋጆች በአዲስ አበባው ታላቁ አንዋር መስጊድ ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ተጋጩ። ሰዎች ሞቱ፤ ፖሊሶችም ተጎዱ። በሳምንቱ ጁሙዓ እንደገና ሕይወት ጠፋ። እዚህ የበዛው ኃይል ነው።

ታዲያ ወጣቶቻችን «ፖሊስ የእኛ አይደለም» ቢሉ ይፈረድባቸዋልን? ብሶታቸው እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ይጎዳናል። የእኛ አይደለም ካልነው ግዴታውን በገዛ አፋችን አነሳንለት ማለት ነውና! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሁሉም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 52 ፖሊስ የማደራጀትንና የክልሉን ሰላም የማስጠበቅን ሥራ ለክልሉ ይሰጣል። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው መርሕም ፖሊስ መሣሪያ የሚተኩሰው ሕይወትን ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ መሆኑን ይገልጻል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ድንጋይ ከማንሳት ይልቅ ብዕር ያንሱ። የተደበደበ ሰው በዕለቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማስረጃ ይያዝ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምስክሮቹን ይጻፍ። የታሰረ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ መብቱ መሆኑን ይወቅ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ስላለው አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን እንጨምር። ነገ ያለ አግባብ የሚደበደበው የክርስቲያን ጎረቤታችን ልጅ ቢሆንስ? ያን ጊዜም ምስክር ሆነን ካልቆምን የጠየቅነው ፍትሕ ሳይሆን አድልዎ ይሆናል።