ድር ቢያብር እንጂ ሸረሪት ቢዋሃድ አልተባለም

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ቡና ሊጠጣ ቤቴ መጣ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ቡናው እስኪፈላ የትንንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን ስም ይቆጥርልኝ ጀመር፤ ፍሪቢኤስዲ፣ ኔትቢኤስዲ፣ ኦፕንቢኤስዲ፣ ሃይኩ፣ ሪአክትኦኤስ… ሁሉም ኮዳቸውን ማንም እንዲያየውና እንዲጠቀምበት ክፍት ያደረጉ፣ በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የቆሙ ናቸው።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ እብዶች ናቸው» አለኝ። «ለምን ተዋህደው አንድ ትልቅ ነገር አይሠሩም? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!» አንበሳው መቼም ዊንዶውስ መሆኑ ነው።

ተረት ሲተረትብኝ ዝም ማለት አልችልም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የያዘኝ ልክፍት ነው። «ልጄ፣ ድር ቢያብር ተባለ እንጂ ሸረሪቶቹ አንድ ሸረሪት ይሁኑ መች ተባለ?» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ይህ «ተዋሃዱ» የሚባል ምክር በየሄድኩበት ይገጥመኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚወጣው ሥራውን ከማይሠራው ሰው አፍ ነው።

ለመሆኑ ምን ከምን ጋር ይዋሃድ? ሃይኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ቢኦኤስ የተባለውን ሲስተም የሠራው ኩባንያ ንብረቱ ሲሸጥ፣ ሲስተሙን የወደዱ ሰዎች «እንደገና እንሠራዋለን» ብለው ተነሱ። ሪአክትኦኤስ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ያለ ዊንዶውስ ማስኬድ ይፈልጋል። የኔትቢኤስዲ ኩራት በተገኘው ዓይነት ማሽን ሁሉ ላይ መሥራቱ ነው። ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ ከሁሉም በፊት ደህንነት ይላል። ጠላም ጠጅም በጌሾ ይጠነሰሳል፤ ሁለቱን በአንድ ጋን ገልብጦ «ኃይላችንን አስተባበርን» የሚል ጠማቂ ግን እስከዛሬ አላየሁም።

«ጠብ እኮ ነው የከፋፈላቸው» ይለኛል የእህቴ ልጅ። ጠብማ አለ። ቴኦ ደ ራት ኦፕንቢኤስዲን የመሠረተው ከኔትቢኤስዲ ሰዎች ጋር ተጣልቶ ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ነገር ግን ከዚያ ከጠብ ከተወለደ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ኦፕንኤስኤስኤች ወጣ። የሰርቨር ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው ማሽናቸው ውስጥ ሌላ ሰው ሳይሰማቸው የሚገቡበት መሣሪያ ነው፤ ዛሬ ያልገባበት አገር የለም። ሽማግሌ ተልኮ ቢታረቁ ኖሮ ይህ ይወለድ ነበር? እንጃ።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የራሱን ከርነል መጻፍ ሲጀምር፣ የግኑ ፕሮጀክት ሃርድ የተባለውን ከርነል መሥራት ከጀመረ ከርሞ ነበር። የእህቴ ልጅ እዚያ ቢኖር «አንተ ልጅ፣ ጊዜህን አታባክን፣ ከነዚያ ጋር ተቀላቀል» ይለው ነበር። ልጁም ሰምቶ ቢሆን ሊኑክስ የሚባል ነገር ባልኖረ።

«ግን ድካሙ አያሳዝንህም? አንዱን የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር አምስት ቦታ ይጽፉታል!» አለኝ። ይህቺ ጥያቄ ተገቢ ናት። መልሷ ግን ውህደት አይደለም፤ መዋዋስ ነው። ደግሞም ይዋዋሳሉ። ኦፕንቢኤስዲ የሠራው ፒኤፍ የተባለ ፋየርዎል ወደ ፍሪቢኤስዲ ተሻግሯል። ሃይኩ የፍሪቢኤስዲን የኔትወርክ ድራይቨሮች ይጠቀማል። ሪአክትኦኤስ ከዋይን ፕሮጀክት ብዙ ኮድ ይወስዳል። ጎረቤት ከጎረቤት ወንፊት ይዋዋሳል እንጂ ለወንፊት ብሎ አጥር አያፈርስም።

ውህደት ጨርሶ አይሠራም አላልኩም። የኔትወርክ ራውተሮች ሲስተም የሆነው ኦፕንደብሊውአርቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁለት ተከፍሎ በ2018 ተመልሶ አንድ ሆኗል። እነሱ ግን ኮዳቸው ያው ኮድ፣ የተጣሉትም በአስተዳደር ነበር። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2002 አራት የሊኑክስ ኩባንያዎች ዩናይትድ ሊኑክስ ብለው በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። ከአራቱ አንዱ ኤስሲኦ ዓመት ሳይሞላው በሊኑክስ ጉዳይ አይቢኤምን ከሰሰ፤ ኅብረቱም በ2004 ፈረሰ። ደመወዝ ከፋዮቹ ያልቻሉትን በነጻ የሚያመሹት ይቻሉት?

በጎ ፈቃደኛ እኮ በዝውውር ደብዳቤ አይመደብም! ሳስተምር በነበረበት ግቢ ሁለት ትንንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ነበሩን። አንድ አለቃችን «ጉልበት አታባክኑ» ብሎ አዋሃዳቸው። ከአምስት ስብሰባ በኋላ አንድ እትም ወጣ። ሁለተኛው አልወጣም። የአንደኛው አዘጋጆች ወደ ሁለተኛው አልሄዱም፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አንድ መሆን ያለበት ምን እንደሆነ እኛ የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሁሉ ለፊደሎቹ የየራሱን የኮድ ቁጥር ይሰጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርኪ ምርኪ ይሆን ነበር። የስንት ዓመት የማስተማሪያ ማስታወሻዬ በዚህ ተበላ፤ ፋይሉ አለ፣ የሚነበብ ፊደል የለውም። መፍትሔው ፕሮግራሞቹን ማዋሃድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ቀስ በቀስም ሁሉም በየቤቱ እየሠራ በአንድ ቁጥር መግባባት ጀመረ። ድር አበረ ማለት ይሄ ነው።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ «ኦፕንኤስኤስኤች ትጠቀማለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በየቀኑ» አለ። ይህን እንዲጠጣ አድርጌ ነገርኩት፦ በጥር 2014 (እ.ኤ.አ.) የዚሁ መሣሪያ ባለቤት የሆነው ኦፕንቢኤስዲ 20,000 ዶላር ገደማ የመብራት ሒሳብ የሚከፍልለት ካላገኘ ሊዘጋ እንደሚችል ለዓለም አመልክቶ ነበር። ስንትና ስንት ባለጸጋ ኩባንያ በነጻ በሚጠቀምበት ሥራ! ደግነቱ ለጋሾች ደረሱለት።

«አየህ፣ የጎደላቸው ውህደት ሳይሆን የመብራት ሒሳብ ነበር» አልኩት። «አንተ ስንት አዋጣህ?»

ስኒውን አስቀመጠና ዝም አለ። እኔም አልገፋሁበትም። ግን «ተዋሃዱ» የሚል ሰው ሁሉ ምክሩን ከመስጠቱ በፊት ይህችን ጥያቄ ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።