ሕያዋንን እንሳል

ሥዕልን ለዓመታት ትቶ የቆየ ሰው እንደገና እርሳስ ሲያነሣ የሚያስፈራው እጁ ነው። «እጄ ረስቶ ይሆን?» ይላል። በእኔ እምነት ግን ከእጁ ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባው ማንን እንደሚስል ነው።

እዚህ ወረታና በዙሪያዋ ባለው የፎገራ ሜዳ በልጅነቱ የሰው መልክ ይስል የነበረ፣ ኋላ ግን የተወ ሰው ጥቂት አይደለም። ምክንያቱም ምሥጢር የለውም። ሥዕል በብሔራዊ ፈተና አይጠየቅም፤ ቤተሰብ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ይላል፤ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ያለው ሩቅ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ አንዱ መምህር ሆነ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱም የቢሮ ሠራተኛ።

መተው በራሱ ነውር አይደለም። ከጣና ዳር ከዘጌ የተገኙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ወደ ጣሊያን አገር የተላኩት ሥዕል ሊማሩ ነበር፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ዛሬ የሚያውቃቸው ግን በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት ልብ ወለድ ነው። ብሩሹ ቢቀመጥ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተገኘ። የአብዛኞቻችን እርሳስ ግን የቀረው ለቃለ ጉባኤና ለደረሰኝ ነው። ስለዚህ መመለሱ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ጥያቄው ወዴት ነው የምንመለሰው የሚለው ነው።

በትንሽ ከተማ «እገሌ ሥዕል ጀመረ» ከተባለ ደጁን የሚያንኳኳው አብዛኛውን ጊዜ ሐዘንተኛ ነው። በመሐረብ የተጠቀለለ የአባቱን ወይም የእናቱን የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ይመጣል። መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶግራፍ የሟች ብቸኛ ምስል ናት፤ ከፊቱም ከፊሉን ማኅተም ሸፍኖታል። «ይችን አጉልተህ ሥራልኝ» ይላል። ይህን ልመና እምቢ ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ሥዕላችን በዚሁ ከተወሰነ እኛም አንማርም፣ አገሩም አይጠቀምም።

ለምን ቢሉ፣ ከጉርድ ፎቶግራፍ የሚስል ሰው ማኅተሙ የሸፈነውን የሚሞላው ከሚያውቀው ነው። ተመላሹን የሚጎዳውም ይኸው የሚያውቀው ነገር ነው። ሳያይ ሲስል ዓይኖችን ወደ ግንባር ያስጠጋቸዋል፤ በእውነቱ ግን ዓይን የሚገኘው በአናትና በአገጭ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ነው። ከዚህም በላይ እጃችን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የለመደው ዓይን አለ፤ ሰፊና ክብ፣ ፊት ለፊት የሚያይ። በዚያ ሥርዓት ደጋጎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሳላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ያ ሰፊ ዓይን ለቅዱሳን የተሰጠ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከሩዝ ማሳ ውኃ ላይ የሚነጥረውን ፀሐይ ሲቋቋም የኖረ ገበሬ ዓይኑ ጠባብ ነው፤ በዙሪያውም ጥልቅ ሽብሽብ አለ። ይህን ፊት ለፊት ተቀምጦ ካላዩት በቀር ማወቅ አይቻልም።

«በየሰዉ እጅ የፎቶግራፍ ስልክ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ስልክ በቅጽበት ይወስዳል፤ ሥዕል ግን አንድ ሰዓት ሙሉ መተያየትን ይጠይቃል። ለመሆኑ አንድ ሰዓት ሙሉ የተታየ ማን ነው? በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ነገሥታትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ባለጸጎች መልካቸው ተሥሎላቸዋል። ወረታ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠውን እናት ግን ከሸንኩርቷ አልፎ ፊቷን ያጠና የለም።

በፎገራ ደግሞ ጊዜው ያስቸኩላል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። ያኔ ጎልማሳ ሆነው የማያውቁትን ዘር የረብና የጉማራ ውኃ በሚተኛበት ማሳ ላይ የዘሩ ሰዎች ዛሬ አርጅተዋል። የሜዳውን መልክ የለወጡ ሰዎች ናቸው፤ የእነሱን መልክ ግን ከመታወቂያቸው በቀር የያዘው ነገር የለም።

እንግዲህ ወደ ሥዕል የምትመለሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ እጃችሁ እስኪፈታ አትጠብቁ፤ የሚፈታው እየሣላችሁ ነው። ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ ሰው ትንሽ ፋታ ሲያገኝ፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ላጲስና ጥቂት ወረቀት ይዛችሁ ከአንድ ሽማግሌ ደጅ ሂዱ። «አያ፣ ፊትዎን ልሥል ነው፤ ትንሽ ይቀመጡልኝ» በሏቸው። የመጀመሪያው ባይመስልም ግድ የለም። ነገ ተመልሳችሁ ለመሄድ፣ እሳቸውም በሕይወት ሳሉ፣ ሌላ ወረቀት አለ።