የዛፍ ጠላት መጥረቢያ ብቻ ነውን?

ስለ ደን በተነገረ ቍጥር ሁላችንም የምንወቅሰው መጥረቢያን ነው። መጥረቢያስ ድምፅ አለው፤ የያዘውም እጅ ይታወቃል። ድምፅ የሌለው፥ ከዕቃ ጋራ ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሌላ ጠላት እንዳለ ግን ብዙዎቻችን አናስብም።

በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1904 ዓ. ም. ከእስያ የመጣ የሻጋታ በሽታ በኒው ዮርክ ከተማ በቼስትነት ዛፎች ላይ ታየ። ኀምሳ ዓመት ሳይሞላም የፈጃቸው ዛፎች 3 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። «ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው» የሚለን ቢኖር፥ በዚያው አቈጣጠር በ1986 ዓ. ም. በማላዊ የተገኘውን የጥድ ክሽክሽ ይመልከት። ከስንዴ ቅንጣት የሚያንሰው ይህ ተባይ የቅርንጫፉን ፈሳሽ ሲመጥ ቅጠሉ ቢጫ፥ ኋላም ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ኬንያን አዳርሶ ወደ አገራችንም ገብቷል፤ የፈረንጁን ጥድ ብቻ ሳይሆን የሐበሻውንም የማይምር ነው።

አንዳንዶች «ዛፉ ቢደርቅ ሌላ እንተክላለን» ይላሉ። ችግኝ በአንድ ቀን ይተከላል፤ ጥድ ግን በአንድ ቀን ጥድ አይሆንም። ደግሞስ ያንኑ ዓይነት ዛፍ በዚያው ቦታ መትከል ለተባዩ ሁለተኛ ማዕድ ማቅረብ አይደለምን? ሌሎችም «መድኃኒት ይገኝለታል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማላዊ ክሽክሹን የሚያጠፋ ጥቃቅን ተርብ ከአውሮጳ አስመጥታ ለቅቃለች። የለቀቀችው ግን በ1994 ዓ. ም.፥ ከ8 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ መካከል የደረቀውን ማን ያስነሣዋል?

«የኬላ ምርመራ ሥራ ያጓትታል» የሚለው ክርክር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚነካው እኛን የጽሕፈት ቤት ሰዎችን ነው። መርማሪው አንድ ሣጥን ይዞ «ይቈይ» ሲል፥ «በአስቸኳይ ይለቀቅ» የሚል ደብዳቤ የምንጽፈው እኛ አይደለንምን? የዓለም መንግሥታት የተስማሙበት ደንብ የማሸጊያ እንጨት እስከ እምብርቱ ድረስ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ እንዲያገኝ፥ ወይም በሌላ በተፈቀደ መንገድ እንዲታከም፥ ማኅተምም እንዲመታበት ያዛል። ያንን ማኅተም አገላብጦ ማየት የቱን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፤ መርማሪውን እናክብረው፤ ችግኙን ከመደብ ሳይወጣ እንመርምረው፤ ተራራውን በአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አንሸፍነው፤ በየሪፖርታችንም የተተከለውን ብቻ ሳይሆን የጸደቀውን እንቍጠር። መምህራንም ተማሪዎቻቸው በግቢያቸው ያለውን ጥድ ቀና ብለው እንዲያዩ፥ ያለ ወቅቱ ሲደርቅም ለግብርና ባለሙያ እንዲናገሩ ያስተምሩ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ቸል ብለን ነገ ብንጮኽ፥ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደ ጮኸው ውሻ መሆናችን ነው።