የሟች ቤት ምን ያገኛል?

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሰው በሰው እጅ ሞቶ ለቅሶ በተቀመጥን ቁጥር ከንፍሮው ጋር አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ ገዳዩ ይሙት ወይስ ታስሮ ይኑር? ብዙው ሰው «በእኛ ግብር ሊቀለብ ነው?» ይላል። ቁጣው ይገባኛል፤ እኔም የምቀመጠው ከሐዘንተኛው ጎን ነው። ሆኖም የሞት ቅጣት ከሕጋችን ቢወጣ እመርጣለሁ። ይህን የምለው ለገዳዩ አዝኜ ሳይሆን የሟችን ቤት አይቼ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው እንዳይፈጸም፣ ሲፈጸምም በአደባባይ ወይም በስቅላት እንዳይሆን ያዛል። ፍርድ ቤቶቻችን ሞት ይፈርዳሉ፤ ፍርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከደርግ ውድቀት ወዲህ ተፈጽመው በይፋ ከሚታወቁት መካከል የሜጀር ጄኔራል ሐየሎም አርአያ ገዳይና የደኅንነት ሹሙ የክንፈ ገብረ መድኅን ገዳይ (በ1999 ዓ.ም. በሞት የተቀጣው) ይገኛሉ። ሁለቱም ሟቾች ትልልቅ ሹማምንት ነበሩ። ለአንድ የመንዝ ገበሬ ደም ይህ ሲደረግ አልሰማሁም። እንግዲህ ለሐዘንተኛው «ሞት ይፈረድልሃል» ስንለው የማይመጣ ነገር እናስጠብቀዋለን።

ለምሳሌ የደርጉን መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን እናስብ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገበት። እሱን ያስጠለለችው ዚምባብዌ ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሞት ቅጣትን ከሕጓ ሰረዘች። እዚህ ታስረው የነበሩት ባልደረቦቹ በ2003 ዓ.ም. ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ፣ ብዙዎቹ በማግስቱ ዓመት በአመክሮ ወጡ። ሕጉ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሰው «ዕድሜ ልክ ስሙ ነው እንጂ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ መስተካከል አለበት።

ስለ ቀለቡም እንነጋገር። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በ2003 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ግዛቲቱ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሞት ቅጣት 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዳወጣች፣ የተገደሉት ግን 13 ሰዎች ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ሰውን በሕግ መግደል ርካሽ አይደለም፤ ርካሽ የሚሆነው ችሎቱ ሲጣደፍ ነው። ምስክርነት በዝምድናና በድንበር ክስ በሚጣመምበት በእኛ አገር የተጣደፈ ችሎት ያስፈራኛል።

ደግሞስ ትልቁ ወጪ የትኛው ነው? ባል ሲገደል በሬው ጠማጅ ያጣል፣ የገብሱ ማሳ ለየኩል አራሽ ይሰጣል፣ ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ለዚህ ቤት ሕጉ ምን አለው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሞራል ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። 1,000 ብር ዛሬ አንድ የመንዝ በግ አይገዛም።

በቀድሞው ሥርዓት ገዳዩ ለሟች ወገን ይሰጥ ነበር፤ ወገኑ ቢሻው ይገድለዋል፣ ቢሻው የደም ካሣ ተቀብሎ ይታረቃል። ሀብታሙ በገንዘቡ የሚያመልጥበት ሥርዓት ስለነበር ይመለስ አልልም። ያ ሥርዓት ግን የሟችን ቤት ይጠይቅ ነበር። ዛሬም ደም የሚያደርቁት መስቀል ይዘው መሐል የሚገቡት ካህናትና ሽማግሌዎች ናቸው። መንግሥት ገዳዩን ቢገድለው፣ የገዳዩ ወንድም የሚያየው መንግሥትን አይደለም፤ ቆመው የመሰከሩበትን የሟች ዘመዶች ነው። ግጭት ከተነሣበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጠመንጃ በበዛበት በክልላችን፣ በአማራ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ገዳዩ ይታሰር፣ ረጅም ዓመት ይታሰር፣ ይሥራም። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና መሥራት ያውቃል፤ እስር ቤት ሆኖም ሊሠራው ይችላል። ከሠራው የሚገኘው ገቢ የተወሰነ ድርሻ በየወሩ ለሟች ሚስትና ልጆች ይግባ፤ ፍርድ ቤቱም ይህን ከቅጣቱ ጋር አብሮ ይጻፈው። የሕዝብ እንደራሴዎች ከዚያ በፊት ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ ያንን የ1,000 ብር ጣሪያ ማንሳት።